የጋሽ ተስፋሁን የልብ መስመር

የካቲት 4
ባዮሎጂ ሁለት ክፍለ ጊዜ በተከታታይ። መምህሩ የልብ ሥዕል ለጥፎ "እንደምታዩት..." አለ። አጠገቤ ኢክራ ናት፤ ከተወለደች ጀምሮ አታይም። "እንደማየው" አለችኝ በሹክሹክታ፣ "ጠማማ ነው።" ሳቅሁ። ተባረርኩ። እሷ ጨዋ ሆና ቀረች።

ክፍለ ጊዜው አልቆ ስትወጣ ግን አልቀለደችም። ፈተናው የካቲት 20 ነው፤ ግማሹ ከልብ ነው የሚመጣው። ስልኳ ጽሑፍ ያነብላታል። ሥዕል ጋ ሲደርስ "ምስል" ይላል፣ ከዚያ ዝም። ሁለት ዓመት አብሬያት ተቀምጬ ይህን አላውቅም ነበር... ምን ዓይነት ጓደኛ ነኝ?

የካቲት 6
የምታነበውን ማስታወሻ ከየት እንደምታገኘው አሳየችኝ። ድረ ገጽ ነው። ማንም በነፃ ይወስዳል፣ ማንም ይጨምራል፣ ማንም ያርማል። የሚጽፉት በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ከሥዕሎቹ ስር ግን "መግለጫ ይፈለጋል" ይላል። ሰው ጠፍቶ ነዋ። ተመዘገብኩ። የልብን ሥዕል በአሥር ደቂቃ በቃላት ገልጬ ላክሁ። ጎበዝ ነኝ።

የካቲት 8
ጎበዝ አይደለሁም። ሃፍቶም የሚባል አራሚ መለሰልኝ፤ እሱም በጎ ፈቃደኛ ነው። "እናመሰግናለን። 'ሰማያዊው ቱቦ' ብለሻል። ቀለም አይቶ ለማያውቅ ምን ይነግረዋል? 'በግራ ያለው ክፍል' ያልሽው ደግሞ የልቡ ቀኝ ነው።"

ለኢክራ ነገርኳት። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ "የማን ግራ? የኔ ወይስ የወረቀቱ?" አለች።

የካቲት 10
ግቢያችን ውስጥ ጋሽ ተስፋሁን አሉ። ሠላሳ ዓመት ከአፍንጮ በር ፒያሳ ታክሲ ነድተዋል። አሁን በር ላይ ተቀምጠው ለአላፊ አግዳሚው መንገድ ይጠቁማሉ፣ ተጠየቁም አልተጠየቁም። ሽንት ቤት የጠየቃቸውን ሰው በራስ መኮንን ድልድይ አዙረው ነው የሚልኩት። ሲጀምሩ ሁሌ እሮጣለሁ።

ዛሬ አንድ እንግዳ ሲልኩ ሰማሁ። "ድልድዩን እንዳለፍክ በቀኝህ። በራስህ ቀኝ።" ቆምኩ... ሥዕሉን አሳየኋቸው። መነጽራቸውን ሁለቴ ጠረጉ።

"ምንድን ነው፣ ድንች?"
"ልብ ነው፣ ጋሼ።"
"ባለቤቱን ፈጣሪ ይማረው።"

ደሙ በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ አስረዳኋቸው፣ የጻፍኩትንም አነበብኩላቸው። ሥዕሉን ወደ ራሳቸው አዙረው ያዙት።

"አንቺ ቀበጥ፣ ፊት ለፊቱ ቆመሽ ነው የጻፍሽው። ፊት ለፊት የሚቆም ትራፊክ ነው፣ አይነዳም። ውስጥ ግቢና መሪው ጋ ተቀመጪ።"

ከዚያ እሳቸው ነዱ፣ እኔ ጻፍኩ። "ነዳጅ የጨረሰው ደም በራስሽ ቀኝ ላይኛው ክፍል ይገባል። በሩ ወደ ታች ብቻ ነው የሚከፈተው፣ መመለስ ክልክል። ከታችኛው ክፍል ወደ ሳንባ። ሳንባ ማደያ ነው። ሞልቶ በግራሽ ላይኛው ክፍል ይገባል፣ ይወርዳል፣ ከዚያ ወደ መላው አካል። የግራ ታችኛው ግድግዳ ወፍራም ነው። ከድልድዩ ወደ ፒያሳ እንደሚወጣው ያለ ዳገት ነው የሚጠብቀው።"

የካቲት 13
ለኢክራ አነበብኩላት። ጣቷን ደረቷ ላይ እያስኬደች ሰማች። አስደገመችኝ። ሦስተኛው ላይ እሷ ነዳች፣ እኔ ተሳፈርኩ። አንድም ቦታ አልጠፋችም።

ሃፍቶምም አጸደቀው። "ማደያው እንዳለ ይቆይ" ብቻ ነው ያለው።

የካቲት 16
ደሴ ያለ አንድ መምህር ድልድያችንን አውጥቶ በጦሳ ዳገት ቀይሮታል፣ ለተማሪዎቹ እንዲመች። ጋሽ ተስፋሁን ተቆጡ።

"ማን ፈቀደለት?"
"ለሁሉም የተፈቀደ ነው፣ ጋሼ። የኛም እንዳለ አለ፤ እሱ የራሱን ቅጂ ነው የቀየረው።"
አሰቡበት። "ጦሳ ግን... እውነትም ዳገት ነው። በአንደኛ ማርሽ ነው የሚወጣው።"

የካቲት 20
የልብ ጥያቄ መጣ። ኢክራ ስትወጣ "'ሳንባ' በማለት ፈንታ 'ማደያ' ልል ስል ለጥቂት ተረፍኩ" አለችኝ።

የካቲት 27
ከሃያ አሥራ ስምንት አመጣች። እኔ አሥራ ስድስት። አልቀናሁም... ትንሽ።

ጋሽ ተስፋሁንን ልታመሰግን ግቢያችን መጣች። "ደረስሽ?" አሏት። "በሰላም ደረስኩ፣ ጋሼ።" መነጽራቸውን ጠረጉ፣ ምንም ሥዕል ሳላሳያቸው። ገጹ ላይ ስማችን እንዳለ አነበብኩላቸው። የሳቸው ከላይ፣ የኔ ከስር። ይገባቸዋል።

ወዲያው አንድ ሰው ወደ ፒያሳ መንገድ ጠየቀ። ጋሽ ተስፋሁን እንደ ልማዳቸው ከሩቅ ጀመሩ። አልሮጥኩም። ኢክራ አጠገብ ተቀመጥኩ፣ ዓይኔን ጨፈንኩ፣ አብሬ ሄድኩ።

አልጠፋሁም።