«ወላዋይ» ስለሚባለው ቃል ለጓድ ሊቀመንበር

ለክቡር ጓድ አምባቸው፣
የቀበሌያችን ሊቀመንበር፣
መካነ ሰላም

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? እንቅልፍዎስ? እስላም ክርስቲያኑ እንቅልፍ ባጣበት ከተማ ለእርስዎ ብቻ ተርፏልና አላህ ይጠብቅልዎ። «ክቡር» ልበልዎ ወይስ «ጓድ» ግራ ቢገባኝ፣ በባለቤቴ የመጣው በእኔም እንዳይመጣብኝ ስል ሁለቱንም ጽፌያለሁ።

እኔ በውይይት ክበብ «ወላዋይ» ተብሎ የታሰረው የመምህር ፈንታው ሚስት ነኝ። ቃሉ ምን ማለት እንደሆነ ለነዋሪው እንዲያስረዳ የጠየቁት እርስዎ ነዎት፤ እሱም የአማርኛ መምህር ነውና «ትናንት ያለውን ዛሬ የሚክድ፣ ነፋስ ወደ ነፈሰበት የሚያዘነብል» ብሎ ፈታው። ይኸኔ አዳራሹ በሙሉ ዞሮ እርስዎን አየ። ያየዎት ሕዝቡ፣ የታሰረው ፈንታው! እንግዲህ ውለታዎን ልዘርዝር፦

1ኛ፦ በክፉው ቀን የወረዳ ገዥው ጸሐፊ ሳሉ፣ ከገጠር የፈለሰው ሕዝብ በገበያው ዳር ሲረግፍ፣ «ረሃብ የለም፤ ሰዉ ልመና ወዶ ነው» ብለው ወደ በላይ ስለጻፉልን እናመሰግናለን። እናቴን የቀበርናት በዚያው ሰሞን ነበር። ልመና ወዳ ይሆናላ የሞተች!

2ኛ፦ አብዮቱ ሲመጣ እዚያው ገበያ መሀል ቆመው «ረሃቡን የደበቁትን እንፋረዳቸዋለን» እያሉ ስላለቀሱልን ደግሞ እጥፍ ምስጋና ይገባዎታል። እኔም አብሬዎት አልቅሻለሁ፣ ሞኟ።

3ኛ፦ ፈንታውን እስር ቤት ውስጥ ተስቦ ይዞታል። ደጅዎን ስጠና ጧት «ይፈታል» ይሉኛል፣ ከሰዓት «ፀረ ሕዝብ ነው» ይሉኛል። ለዚህኛው ምስጋና ፈልጌ አጣሁ። አፈር ስሆንልዎ፣ ጓድ ሊቀመንበር፣ ሐኪም ይየው! የፈታውን ቃል ይመልሳል። «ወላዋይ ማለት እኔ ነኝ» ብሎ በአደባባይ ይናገራል፤ አቅም ካጣም እኔ ቆሜ እናገርለታለሁ። ትርጉሙን እርስዎ ይውሰዱት፣ ሰውዬውን ለእኔ ይመልሱልኝ።

ይህን ወረቀት በአዳራሹ በር ላይ የለጠፍኩት በቢሮዎ ያስገባኋቸው ማመልከቻዎች መልስ ስላጡ እንጂ ለድፍረት አይደለም። ወንበርዎን ያጽናልዎ፤ የሚመጣውም መንግሥት እንደ ሄደው ሁሉ ይውደድዎ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
ደጅዎን በመጥናት ጫማዋን የጨረሰች፣
እታገኘሁ ካሳ

ማሳሰቢያ፦ ይህን ጽፌ እንደ ጨረስኩ ምሳ ይዤለት ሄጄ ነበር። ዘበኛው «ደህና ነው» ብሎ ምሳውን ተቀበለኝ፤ እስር ቤት ለብሶት የነበረውን ጋቢ ግን አጣጥፎ መለሰልኝ። በዚህ ብርድ፣ ተስቦ የያዘው ሰው፣ በሕይወት እያለ ጋቢውን ይመልሳል? ነገ የማመጣለት ምሳ ይሁን ወይስ መግነዝ? እባክዎ፣ በዚህ እንኳ አይወላውሉ።