ለአባባ የስፌት መኪና የመጣ ገዢ

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፤ ናፍቆትህ እንዳለ ሆኖ ሁላችንም ደህና ነን።

አባባ መስፋት ካቆመ ወዲህ ያለ ሥራ የተቀመጠውን የስፌት መኪናውን ኢንተርኔት ላይ ለጨረታ አወጣሁት። ገዢ እንዲስብ ወልውዬ መስኮት ሥር ፎቶ አነሳሁት፤ መነሻ ዋጋውንም ዝቅ አደረግሁ። በልጅነትህ በሚስማር የጫርከውን ጎኑንም አሳየሁ፤ ጉድለት የሚደብቅ ሻጭን ማን ያምናል?

ሦስት ቀን ማንም አልመጣም። በአራተኛው አንድ ሰው ዋጋ ሰጠ፤ ሌላ ተጫራች ሳይኖር ራሱ ጨመረበት። «ምን ዓይነት የዋህ ነው!» ብዬ እየሳቅሁ ለአባባ ልነግረው ሳሎን ገባሁ።

ስልኩን ይዞ ፊቱ በርቷል። «ልጄ፣ ግሩም መኪና አገኘሁ። ጎኑን ልጅ ጫረበት እንጂ ባለቤቱ በደንብ ይዞታል። ምን ቸግሮት ይሆን የሚሸጠው?» አለኝ።

ጨረታውን ሰረዝኩት።

አባባ ሰላም ብሎሃል። የዓመት ፈቃድህን ለከርሞ አታቆየው።

እህትህ