በጋጡ አጠገብ ያለው ባሕር

ይህን የሚጽፈው ደብተራ ደርበው ነው፤ ቃሉ ግን የእኔ የአባትህ የሽባባው ነው። እንዳያሳምርብኝ አስጠንቅቄዋለሁ።

ልጄ አስማረ፣ እንደምን አለህ? ያ የምጽዋ ሐሩር ጤና ነሳህ ወይስ ለመድከው? የመርከብ ገመድ የላጠው እጅህስ ዳነ ወይ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ቆመናል፤ ደህና ነን ብዬ ግን አልዋሽህም። እናትህ ከአልጋዋ አልተነሳችም። ባሕርህም ሞቷል።

ለጥምቀት መጥተህ፣ እናቴ ወደ ባሕር መሄድ ካልቻለች ባሕሩ ይምጣላት ብለህ ያን የአልጋ ቁመት ያለው የመስተዋት ሣጥን፣ ውሃውን ከነዓሦቹ በበርሜል፣ ሕይወት ያለውን ድንጋይ በእርጥብ ጆንያ አድርገህ በጭነት መኪና ስታመጣ እብደት ነው ብዬህ ነበር። ግን አደራህን ተቀበልኩ። የከብቶቹ ትንፋሽ እንዲያሞቀው ከጋጡ አስጠግተህ ካቆምክበት አላነቃነቅኩትም። ሲጎድል ባሰመርክበት ልክ የምንጭ ውሃ ጨመርኩ፤ ጨው አላስነካሁትም። ዓሦቹ አየር እንዲያገኙም ከእኅትህ ከሽታዬ ጋር እየተፈራረቅን ወናፉን በጎማው ቱቦ እንነፋለን። ጎረቤታችን አዝመራው በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ፣ “አያ ሽባባው፣ በስተርጅና ቀጥቃጭ ሆንክ? ማረሻዬን ላምጣልህ?” አለኝ። “አምጣው፣ ምላስህንም ጨምረህ” አልኩት። የእኔን ዘር እንዲህ የደፈረ የለም፤ ለእናትህ ብዬ ዋጥኩት።

እሷ ትራሷን ወደዚያ አዙራ ስታያቸው ትውል ነበር። በአገውኛ ታወራቸዋለች። ቢጫዋን ዓሣ “ሙሽራዬ” ትላታለች። ድንጋዩ ላይ ያለው አበባ መሳይ ነገር ጣቶቹን ሲዘረጋ፣ “ልጄ የሚያየውን እኔም አየሁ” ትላለች። እህል መቅመስ የጀመረችው ያኔ ነው።

ከዚያ ዐቢይ ጾም ገባ። የተውክላቸው የደረቀ ምግብ አለቀ። ሲያልቅ ጥሬ ሥጋ አድቅቀህ ስጣቸው ብለኸኝ ነበር። በጾም ከየት አባቴ ላምጣ? አባ በዛብህን ብጠይቃቸው፣ “ዓሣው አልተጠመቀ፣ ማን አስጾመው?” ብለው ሳቁ። “ቢላዋው የእኔ ነው፤ እኔ ተጠምቄያለሁ” አልኳቸው። እናትህ አንዲት ዶሮ እረድላቸው ብላ ለመነችኝ። ሽባባው በጾም ደም አፈሰሰ አይባልም ብዬ እምቢ አልኩ። የገብስ በሶ በተንኩላቸው። አልበሉትም፤ ታች ወርዶ ሸተተ፣ ውሃው አጓት መሰለ። አበባው ጣቶቹን ሰብስቦ እንደ ሞራ ቀለጠ። ዓሦቹ እየተገለበጡ ተንሳፈፉ፤ ቢጫዋ ብቻ ቀረች።

ያኔ ዶሮዋን በጓሮ አረድኩ። አዎ፣ እኔ፣ በጾም። ሥጋውን አድቅቄ በጣቴ አቀረብኩላት፤ ዞራም አላየችው። በመጻጉዕ ሰንበት ቢጫዋም ሞተች። እናትህ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ከዚያ ወዲህ ጉርሻ ብንላት አትቀበልም፤ ከንፈሯን በውሃ ብናርስላት ነው። ወናፉን አሁንም እነፋለሁ። ባዶ ውሃ መንፋቴን አጥቼው አይደለም፤ ድምፁ ከቆመ መቆሙን ትሰማለች ብዬ ነው።

ሌላ ዓሣ አትላክ። በርሜል እሞላለሁ ብለህም አትዘግይ። አለቃህ ፈቃድ ከከለከለህ አባቴ ሞተ በለው፤ እኔ አልቀየምህም። ባዶ እጅህን ና።

እኅትህ ሽታዬ ናፍቆቷ ብዙ ነው። አባ በዛብህ ይባርኩሃል። አዝመራውም ሰላም ብሎሃል፤ ዶሮዋን ሳርድ አየኝ፣ ከዚያ ወዲህ አፉን ዘግቷል። እናትህን ምን ልበልልሽ ብላት አልመለሰችልኝም፤ ሰላምታዋን እኔው ጨምሬልሃለሁ።

ጥርባ፣ መጋቢት ፳ ቀን ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.

በል ደርበው፣ ከላይ ጀምረህ አንብብልኝ። ድምፅህን ግን ዝቅ አድርግ፤ እሷ እንዳትሰማው።