የካሶኒ ሠሪው የጋሽ ሜትር የሕይወት ታሪክ፣ እንዲነበብ ካዘዙት ቃል ጋር

ደንበኛም ጎረቤትም ጋሽ ሜትር እያለ የሚጠራቸው፣ ለፒካፕ መኪና የዕቃ መጫኛ ካሶኒ በመሥራት አርባ ዓመት የኖሩት ታላቅ ወንድም፣ ከጋሪ ሠሪው አባታቸውና ከልብስ ሰፊዋ እናታቸው በመጋቢት ወር 1949 ዓ.ም. ተወለዱ። ከአራት ልጆች የመጀመሪያው ሲሆኑ፣ ለጉልምስና የበቁት ግን እሳቸውና ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀው ታናሽ ወንድማቸው ብቻ ናቸው።

ትምህርታቸውን እስከ ስድስተኛ ክፍል ተከታትለዋል። ያቋረጡት ሰንፈው አይደለም። አባታቸው ወገባቸውን ታመው ሲተኙ መዶሻውን የሚያነሣ ሌላ ሰው ስላልነበረ ነው። ይህን መግለጽ ያስፈለገው አንዳንድ የተማሩ ዘመዶች ፊደል አልገባው ብሎ ብረት ቀጥቃጭ ሆነ እያሉ ሲያወሩ ስለኖሩ ነው። እነዚሁ ዘመዶች የበራቸው ማጠፊያ ሲሰበር ለማን ይደውሉ እንደነበር ራሳቸው ያውቁታል።

ጋሽ ሜትር በ1968 ዓ.ም. ጋራዥ ተቀጥረው ብየዳ ተማሩ። በ1974 ዓ.ም. ከመኖሪያ ቤታቸው ጎን የራሳቸውን ወርክሾፕ ከፈቱ። ካሶኒው የበሰበሰ ፒካፕ ሲመጣላቸው አሮጌውን አውርደው፣ በባዶ በቀረው የመኪናው አጽም፣ በሻንሲው ላይ ጎንና ጎኑ የሚታጠፍ ዝርግ ካሶኒ ይሠሩለት ነበር። ብረት ከመቁረጣቸው በፊት የካሶኒውን ልክ በጠመኔ ሲሚንቶው ላይ ያሰምሩና ባለመኪናውን የምትጭነውን ዕቃ አምጥተህ እዚህ ደርድር ይሉታል። ፍራሽ ነጋዴው ፍራሹን፣ መስታወት ቆራጩ መስታወቱን ተሸክሞ እየመጣ በጠመኔው መስመር ውስጥ ይደረድራል። አንድ ወንበር አከራይ መቶ ወንበር ደርድረው ሲጨርሱ ላባቸውን እየጠረጉ «በሉ እንግዲህ ድግሱን አምጡት» ብለዋቸው ወርክሾፑ በሳቅ ፈርሷል። የሳቸው ካሶኒ ግን ጠበበኝ ወይም ሰፋኝ ተብሎ ተመልሶ አያውቅም።

በ1977 ዓ.ም. የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ ከነበሩት ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል። ሁለቱንም እሳቸው ደጃፉን እንኳ ያልረገጡት ከፍተኛ ትምህርት ቤት ድረስ ልከው አስተምረዋል።

ታናሽ ወንድማቸው ከ1980 ዓ.ም. ጀምሮ አብሯቸው ሠርቷል። ሙያውን ያስያዙት እሳቸው ናቸው፤ ይህ አይካድም። በ1997 ዓ.ም. የሆነው ነገር ደግሞ እንዲነበብ ራሳቸው ስላዘዙ ይነበባል።

በዚያ ዓመት አንድ አትክልት ነጋዴ ካሶኒ አሠርቶ ቶሎ ስጡኝ እያለ ወጥሮ ይዟቸው ነበር። ካሶኒ ከሻንሲው ጋር የሚታሰረው በብሎን ነው። ብሎኑ እስኪገባ ድረስ ግን እንዳይንሸራተት እዚህም እዚያም ነጥብ ነጥብ ተደርጎ በብየዳ ይያዛል። ታናሽየው እንደታዘዘው በነጥብ ያዘውና ብሎን ሊገዛ ሄደ። ስምንት ብሎን በጋዜጣ ጠቅልሎ ሲመለስ መኪናው የለም። ጋሽ ሜትር ጭቅጭቁ ሰልችቷቸው ለቀውለታል። ለዛሬ ይችላል፣ ነገ መጥቶ ይታሰርለታል አሉ። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ካሶኒው ከነቲማቲሙ ዳገት ላይ ወደ ኋላ ተንሸራቶ ወደቀ፤ የጫኚው ትከሻ ተሰበረ። ነጋዴው እየጮኸ ሲመጣ ወርክሾፑ በደንበኛ ተሞልቶ ነበር። ጋሽ ሜትር በጣታቸው ወደ ወንድማቸው ጠቆሙና «የበየደው እሱ ነው» አሉ።

ውሸት አልተናገሩም፤ የበየደው እሱ ነው። ታናሽየው የለቀቁት እሳቸው ናቸው አላለም፤ እንደ አባት ያሳደጉትን ሰው ሰው ፊት ማዋረድ አልሆነለትም። ከዚያ ቀን ወዲህ ስሙ ነጥቤ ሆነ። አክስታቸው ሳትቀር በቤተ ዘመድ ግብዣ ላይ «ይህን ወንበር ነጥቤ ከሆነ የበየደው፣ እኔ ቆሜ እበላለሁ» ብላ ሁሉን አስቃለች። ጋሽ ሜትር አልሳቁም፤ ግን ሳህናቸውን እያዩ መጉረሳቸውን ቀጠሉ። ነጥቤ ወርክሾፑን ለቆ የመስኮት ፍርግርግ ሲበይድ ኖረ። መኪናውን የሚሰጠው ሰው አልተገኘም። ሁለቱ በሠርግና በለቅሶ ሲገናኙ እንደምን አለህ፣ እንደምን አሉ ከመባባል አላለፉም።

ጋሽ ሜትር በ2014 ዓ.ም. ሳንባቸውን ታመው ሥራ አቆሙ። ለሰው ሁሉ ሲሠሩ የራሳቸው ፒካፕ ካሶኒ በስብሶ አልቆ ነበር። ባለቤታቸው መኪናውን እያከራዩ እንዲተዳደሩበት አስበው፣ ትንፋሽ እያጠራቸው አሮጌ ዕቃ ተራ ለተራ ዞረው አንድ ዝርግ ካሶኒ አገኙ። ከሻንሲው በአንድ ስንዝር ይረዝማል። መቁረጫውን ማንሣት ሲያቅታቸው ባለፈው መስከረም መጨረሻ ወንድማቸውን አስጠሩ።

ወንድማቸው መጣ። ስድስት ቀን በመስኮታቸው ሥር ሲቆርጥና ሲበይድ እሳቸው ከአልጋቸው ሆነው ያዩ ነበር። በግራ በኩል ግማሽ ጣት ይጎድልሃል ይሉታል፤ ሲለካው እውነትም ይጎድላል። በስድስተኛው ቀን ባለቤታቸው ባሉበት ወደ መስኮቱ ጠሩትና እንዲህ አሉት፦

«ያን መኪና የለቀቅሁት እኔ ነኝ። አንተማ ብሎን ልትገዛ ሄደህ ነበር። ሰው ፊት መናገር ነበረብኝ፤ ስሜን ፈራሁ።»

ነጋዴውን አፈላልገው ሊነግሩት ፈልገው እንደነበር፣ እሱ ግን እንደ ሞተ አስረዱ። ስለዚህ ስቀበር ሁሉም ሰው ባለበት አንብበው አሉት።

ወንድማቸው «አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ ጋሼ» አለና የብሎን ማሰሪያ ቁልፉን መሬት ላይ አስቀምጦ ወጣ። ሦስት ቀን አልተመለሰም። ሲደወልለትም አላነሣም። በእነዚያ ቀናት የግቢው በር በተንኳኳ ቁጥር ጋሽ ሜትር «መጣ?» እያሉ ይጠይቁ እንደነበር ባለቤታቸው ተናግረዋል።

በአራተኛው ቀን፣ ጥቅምት 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ጠዋት፣ በተወለዱ በስድሳ ስድስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውንና አንድ ወንድማቸውን ትተው ሄደዋል። ካሶኒውን ወንድማቸው ትናንት፣ ከሞቱ በኋላ መጥቶ፣ በብሎን አስሮ ጨርሶታል፤ ባለቤታቸው ሊገለገሉበት ይችላሉ።

ያዘዙት ቃል ይኸው ተነበበ። ታናሽ ወንድማቸው ይህ ቃል በሰው ፊት ሲነገር ለመስማት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጠብቋል። ይቅር ብያለሁ የሚለውን ቃል ግን እዚያው መስኮቱ ሥር ሊናገረው ሲገባ ሦስት ቀን ይዞት ቤቱ ተቀመጠ። እንግዲህ ይህም በሁላችሁ ፊት ይነበብ፦ ይቅር ብሏቸዋል። እሳቸውም እየጠሩት አልመጣምና ይቅር ይበሉት። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ትንፋሽ በማያጥርበት ስፍራ ያሳርፍልን።