ባለቤት የሚበላው የመስሚያ መሣሪያ

ለመስሚያ መሣሪያ ፋብሪካው ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የአክብሮት ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎ የተሟላ፣ እንቅልፍዎ የሰመረ፣ ዕድሜዎም በየአደባባዩ ባሰቀሉት ማስታወቂያ ላይ ስለ ባትሪዎ እንደተጻፈው «የማያልቅ» ይሆን ዘንድ ከልብ እመኛለሁ። እኛም ይኸው አለን፤ ማን እንደሞተ እስካሁን በውል ባይታወቅም ሁላችንም አለን።

እኔ የሰዋስው አስተማሪ ነኝ። የምኖረው ከባለቤቴና ከእናቷ ጋር ነው። አማቴ ጆሯቸው ከደከመ ወዲህ የሚያደርጉት የእርስዎን መሣሪያ ሲሆን፣ እውነቱን ለመናገር ቀድሞ መሣሪያው ደህና ነበር፤ ጉድለቱ ባትሪ እንደ ውሃ መጠጣቱ ብቻ ነበር። ታዲያ እርስዎ ለደንበኛ አሳቢ ነዎትና «አምጡት፣ ኃይል ቆጣቢ አድርገን በነጻ እንመልስላችኋለን» ብለው አስነገሩ። ወሰድነው፤ ተመለሰ፤ ባትሪውም እውነትም አላልቅ አለ። ለዚህ አመሰግናለሁ። ምስጋናዬን ከዚሁ ቢጠግቡት ይሻላል፤ ወደ ታች እየሳሳ ይሄዳልና።

የቁጠባውን ምስጢር ከሠራተኞችዎ አንዱን ባለሙያ ጠይቄ ነበር። ወንድ ይሁኑ ሴት ታውቆ እንዳይቀጡብኝ «አንቱ» እያልኩ እጽፋለሁ፤ ሰዋስው ለክፉ ቀን ይሆናል። እንዳስረዱኝ ከሆነ፣ ባቄላ በምታህለው በዚያች መሣሪያ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ክፍሎች ሁሉ በአንድ የሰዓት ምት ይራመዳሉ፤ በከበሮ እንደሚረግጥ ሰልፈኛ ማለት ነው። ሥራ ያለውም ሥራ የፈታውም ምቱ በደረሰው ቁጥር እግሩን ያነሳል፣ ይጥላል፤ ባትሪውን የሚጨርሰውም ይኸው ከንቱ እርግጫ ነው። መላው፣ ሥራ በፈታው ክፍል ደጃፍ ላይ በር አበጅቶ ምቱን መዝጋት ነው፤ መሐንዲሶቹ «ክሎክ ጌቲንግ» ይሉታል። ክፍሉ እግሩን ሰብስቦ ያርፋል፤ ሥራ ሲመጣ በሩ ይከፈትለታል። ጥበቡን ስሰማ አደነቅሁ፤ በመምህራን ክፍላችንም ቢሞከር ብዬ ተመኘሁ።

ችግሩ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ባለሙያው «ድምፅ መምጣቱን የሚጠባበቀው ክፍል ግን አይዘጋበት፤ እሱ ዘበኛ ነው» ብለው ቢማጸኑ፣ እርስዎ «ቁጠባ ከሆነ ለሁሉም እኩል ነው» ብለው ዘበኛውንም አስተኙት። አሁን አልፎ አልፎ አንድ ዓይኑን ገለጥ እያደረገ መልሶ ይተኛል። ሰው ሲናገር ነቅቶ፣ ተንጠራርቶ፣ በሩን እስኪከፍት የመጀመሪያው ቃል አልፎ ሄዷል።

በቋንቋችን ደግሞ፣ ክቡርነትዎ በልጅነትዎ እንደተማሩት፣ ባለቤት ፊት ይመጣል፣ ግስ ከኋላ ይቆማል። ስለዚህ መሣሪያዎ የሚበላው ባለቤትን ነው። አማቴ ዘንድ የሚደርሰው ወላጅ አልባ ግስ ብቻ ሲሆን፣ እሳቸውም ደግ ናቸውና ባለቤት ከራሳቸው ያወጡለታል። በዚህ ሳቢያ የደረሰብንን በትሕትና እዘረዝራለሁ።

፩ኛ፤ በር በተንኳኳ ቁጥር ባለቤቴ ከጓዳ «ማን መጣ?» ትላለች፤ አማቴ «መጣ» ብቻ ይሰማሉ። ፀጉራቸውን አበጥረው ሳሎን ይቀመጡና እንግዳው አልገባ ሲላቸው «ዘመድ እንዲህ ናቀን?» ብለው ያኮርፋሉ። ከማይታወቁ ስንት ሰዎች ጋር እንደተቀያየሙ አንድዬ ይወቀው።

፪ኛ፤ አንድ ምሳ ላይ እኔው ራሴ፣ ወሬ ማን አስወደደኝ፣ «ባለሱቁ ሚስቱን ፈታ» አልኩ። አማቴ የሰሙት «ሚስቱን ፈታ» ነው። ወዲያው አንድ ወንድ ልጃቸው ታወሳቸው። ሌላ ከተማ ወደምትኖረው ምራታቸው ደውለው፣ መልሷን ሳይጠብቁ «አይዞሽ ልጄ፣ እኔ አንቺን እንጂ እሱን አላውቅም» ብለው አልቅሰው ዘጉት። ምስኪኑ ከሥራ ሲመለስ ልብሱ በሻንጣ ታጭቆ ደጅ ላይ ጠበቀው።

፫ኛ፤ ይህ ልጅ ነገሩን ለእናቱ በአካል ሊያስረዳ አውቶቡስ ተሳፈረ። በመንገድ ላይ ሆኖ ከእህቱ ከባለቤቴ ጋር በስልክ ሲያወራ ድምፁ ቁርጥ አለ። እሷም ጫማዋን እያጠለቀች ወደ እናቷ ዞር ብላ «ባትሪው ሞተ መሰለኝ» አለችና ልትቀበለው ወደ መናኸሪያ ሮጠች። አማቴ ዘንድ የደረሰው «ሞተ መሰለኝ» ነው። ልጅ መንገድ ላይ ነው፣ ስልኩ ተቋርጧል፣ እህቱ በሩጫ ወጥታለች፤ ለዚህ ግስ ባለቤት ፍለጋ ሩቅ መሄድ አላስፈለጋቸውም። አንዴ ጮኹ፤ ከዚያ ወለሉ ላይ ተቀመጡ።

ጎረቤት ተሰበሰበ። ጎረቤቶቻችን ደጎች ናቸው፤ ወንበር ያለው ወንበሩን፣ ወንበር የሌለው ራሱን ይዞ መጣ። ቤቱ ጸጥ ብሎ ስለነበር መሣሪያዎም በታማኝነት ተኝቷል። ሰዎቹ በየተራ ጎንበስ እያሉ በለሆሳስ «ማን ሞተ?» ሲሉ አማቴ የሚሰሙት «ሞተ» ነው። የመጣው ሁሉ መርዶውን የሚያጸናላቸው እየመሰላቸው እሳቸው «አዎ፣ ሞተ» ብለው ያነባሉ፤ ሐዘንተኛ ደግሞ ሁለቴ አይጠየቅምና ሰው ሁሉ ማንን እንደሚያለቅስ ሳያውቅ ማልቀስ ጀመረ።

እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ ደጄ በሰው ተሞልቷል። አማቴ ወለሉ ላይ ተቀምጠዋል። ባለቤቴ የለችም። ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ ቀልድ የለም። ጠዋት ኮሌታዬን ያስተካከሉልኝ ጣቶቿ ገና አንገቴ ላይ ያሉ መሰለኝ። «ምን ሆና ነው?» ብዬ ስጮህ፣ ሟች ማን እንደሆነ ግራ ገብቷቸው የነበሩት ጎረቤቶች «ለካ እሷ ናት!» ተባባሉና ለቅሶው እንደ አዲስ ተቀጣጠለ።

በዚህ መሃል ባለቤቴና ወንድሟ ሻንጣ ይዘው ገቡ። ወንድሟ ሰዉን አይቶ «ወይኔ እናቴን!» ብሎ ደረቱን መታ፤ እናቱ እሱን አይተው ጮኹ፤ እኔ ባለቤቴን አይቼ እግሯ ላይ ተደፋሁ። በአንድ ሳሎን ሦስት ሰው ሞቶ ሦስቱም ባንዴ ተነሱ። አማቴ ልጃቸውን አንገቱን አንቀው ሳሙት፣ ሳሙት፣ ከዚያም በጥፊ አጮሉትና «ሚስትህን መፍታትህ አንሶ ደግሞ ትሞታለህ?» አሉት። ስድስት ወንበር በጀርባው ተሸክሞ የመጣው አናጢ ጎረቤታችን ብቻ ቅር አለው፤ «እና አሁን ሬሳ የለም ነው የምትሉን?» ብሎ ጠየቀ። ይቅርታ ጠይቄ ወንበሮቹን አብሬው መለስኩ።

፬ኛ፤ አቤት ብንል ከቢሮዎ የተላከልን መልስ ይህ ነው፦ «መሣሪያው እክል የለበትም። ተናጋሪዎች ከመናገራቸው በፊት ጉሮሯቸውን ይጥረጉ።» ትእዛዝዎን ፈጸምን። ባለቤቴ «እህም፣ እህም» ሳትል እራት ቀርቧል አትልም። እኔም ለምዶብኝ ክፍል ውስጥ «እህም» ስል፣ ተማሪዎቼ በጅምላ «እህም» ብለው ይመልሱልኛል። አከራያችን ሳንባ የሚበላ በሽታ የገባብን መስሎት ከአጥሩ ወዲህ እግሩን አያነሳም፤ ለዚህኛው እንኳን ምስጋናዬ ከልብ ነው።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ልመናዬ ትንሽ ናት። ሌሎቹን ክፍሎች ሁሉ ይዝጓቸው፣ ደህና ይተኙ፤ ዘበኛውን ብቻ ይቀስቅሱልን። ባለሙያው እንደነገሩኝ ብቻውን ነቅቶ ቢያድር የሚበላው ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ባትሪ ቶሎ ቢያልቅ ከሱቅ እንገዛለን፤ ልጅ ግን ከሱቅ አይገዛም።

በር በመዝጋት ላሳዩት ተወዳዳሪ የሌለው ትጋት ዳግመኛ እያመሰገንኩ፣ ጉሮሮዬን በመመሪያዎ መሠረት ጠርጌ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እሰናበታለሁ።

የክቡርነትዎ ታዛዥ ደንበኛ፣
የሰዋስው አስተማሪው
ከነባለቤቱ

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ ለአማቴ ባነብላቸው «ወረቀት ምን ያደርጋል፣ እኔው ሄጄ ፊት ለፊት እነግረዋለሁ» ብለው ተነስተዋል። ነገ ጠዋት ቢሮዎ ይደርሳሉ። መሣሪያውን ግን እቤት ትተውት ነው የሚመጡት፤ «ለእሱ መልስ ባትሪ አላባክንም» ብለዋል።