በመቀስ የተካፈሉት እንክብል

ለእናቴ ልጅ፣ ለታናሽ እህቴ፣ በሰው አገር የእናቶችን ጤና ለምትጠብቂው ነርስ፤ ይህን ደብዳቤ የምጽፍልሽ የታላቋን ልጄን ሕመም ላስታውቅሽና በሥራሽ ላይ አንድ ነገር አደራ ልልሽ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽን ያምሽ የነበረው ተሻለሽ ወይ? ባለቤትሽስ፣ ልጆችሽስ እንዴት ናቸው? ብርዱ በርትቶብናል ብለሽ ነበርና አሁንስ ጋብ አለላችሁ? እኔ ለመቆሙ ደህና ነኝ። ዓይኔ ቢደክምም ዛሬም መጽሐፍ እጠርዛለሁ፤ ሙጫው እስኪደርቅ ጠብቄ መርፌዬን አነሣለሁ። ልቤ ግን ከሥራው ላይ የለም።

ልጄ ሆስፒታል ከተኛች ሳምንት አልፏታል። ሦስተኛውን ስትወልድ ማሕፀኗ ተቀዶ በስፌት እንደ ተረፈች ታውቂያለሽ። ያን ጊዜ ሐኪሙ ሌላ እርግዝና ቢመጣ ለነፍሷ እንደሚያሰጋት በግልጽ ነግሯት ነበር። የእርግዝና መከላከያ መርፌው ደም ቢያበዛባት በምትኩ እንክብል አዘዙላት። እንክብሉ እያለ አረገዘች፤ ይኸው አራተኛ ወሯን ይዛለች። ደም ስለሚፈሳት ከአልጋ እንዳትነሣ ተከልክላለች፤ በጎኗ እንኳ የምትገላበጠው በሰው እጅ ነው። ሐኪሞቹ ሲጠየቁ «እናያለን» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አይወጣቸውም። ትንሿ ልጇ እኔ ዘንድ ናት። በር በተንኳኳ ቁጥር እየሮጠች ትሄዳለች፤ እናቷ አለመሆኗን ስታይ ደግሞ ተመልሳ ከወንበሬ ሥር ትቀመጣለች።

እንደምታውቂኝ፣ የባልና የሚስት ጉዳይ ከጓዳ ወጥቶ ሲወራ ደስ የማይለኝ ሰው ነኝ። ስለ እንዲህ ያለ መድኃኒት በብዕሬ እጽፋለሁ ብዬ አስቤም አላውቅ። ሆኖም የሰው ሕይወት አፋፍ ላይ ሲቆም ዝምታ ጨዋነት መሆኑ ይቀራል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባሏ ሥራ ከፈታ ወዲህ ቤታቸው የሚያድረው እሷ ከልብስ ስፌት ቤቱ በምታመጣው ነው። በሰፈራቸው ክሊኒክ ያለች ነርስ የጻፈችላት እንክብል መድኃኒት ቤት ሲጠየቅ ዋጋው ከአቅሟ በላይ ሆነ። ለእኔም ለማንም አልተነፈሰችም። አብራት የምትሠራ አንዲት የልብስ ቁልፍ ተካይ ችግሯ ያው ነበርና፣ ሁለቱ አዋጥተው አንድ እሽግ እየገዙ፣ በጨርቅ መቀሱ ከመካከሉ እየቆረጡ ይካፈሉ ጀመር። እያንዳንዳቸው አንዱን ቀን ይውጣሉ፣ አንዱን ቀን ይዘላሉ። የቁልፍ ተካይዋ ባል የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ «የእኔ ሰውዬ የወሩን እኩሌታ መንገድ ላይ ነው፤ ለግማሽ ባል ግማሽ ኪኒን መች አነሰው!» እያለች ታስቃት ነበር። ልጄም እየሳቀች ዋጠች። እንክብሉ በየቀኑ ካልተዋጠ እንደማይከላከል የነገራቸው የለም፤ እንደ ዳቦ ተካፍለው የተረፉ መሰላቸው። ይህን ሁሉ የነገረችኝ ያችው ሳቂታ ናት፤ ከልጄ አልጋ ግርጌ ቆማ፣ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና።

በማግስቱ ወደ ክሊኒኩ ሄድሁ። ሴቶቹ በረጅም አግዳሚ ላይ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ተቀምጠዋል። የነርሷ ጠረጴዛ ከእነርሱ አንድ ክንድ አይርቅም፤ በርም መጋረጃም የለውም። እዚያ የሰማሁት አጥንቴን ሰበረው። ያው መድኃኒት፣ ስሙና ካርቶኑ ብቻ ተለውጦ፣ በሩብ ዋጋ ይሸጣል። ከገበያው ማዶ ባለው ጤና ጣቢያ ደግሞ ያለ ክፍያ ይታደላል። የብዙ ወሩን በአንድ ጊዜ ቢጽፉላት ኖሮ በየወሩ ለካርድ መክፈል ይቀርላት ነበር። ይህ ሁሉ የሚታወቅ ነገር ነው፤ የሚያውቁትም እንጀራቸው በዚሁ ሥራ ላይ ነው።

እህት ዓለም፣ አደራዬ ይህ ነው። ድሃ የመሰለችሽን ለይተሽ አትጠይቂ። ሐር የለበሰችውም ነጠላ ጫማዋ የተበጠሰውም ከፊትሽ ስትቀመጥ፣ ለሁሉም በአንድ ቃል፣ «ውዱ ይህ ነው፤ ርካሹ ይህ ነው፤ ሥራቸው አንድ ነው፤ በነጻ የሚገኘውም እዚህ ቦታ ነው» በይ። ያን ጊዜ ማንኛዋም ሳትዋረድ ትመርጣለች። መግዣው ሲያልቅባት ከመዝለሏና ከማካፈሏ በፊት ወደ አንቺ እንድትመለስ፣ ስትመለስም እንደማትቆጫት አስቀድመሽ ንገሪያት። የምትነግሪያትም ለጆሮዋ ብቻ ይሁን። መጋረጃ ከሌላችሁ አሠሩ፤ እምቢ ካሉሽ የራስሽን የአልጋ ልብስ ስቀይ። ይህን ሳታደርጊ መድኃኒት ጽፌ ሰጠሁ የምትዪ ከሆነ፣ ወረቀት ሰጠሽ እንጂ መድኃኒት አልሰጠሽም።

ለባለቤትሽ የከበረ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ። ትልቁ ልጅሽ ትምህርቱን እንዲያጠብቅ፣ ሴቷም እናቷን እንድታግዝ አጎታችሁ አለ በያቸው። ትንሹን ጉንጩን ሳሚልኝ። የልጄ ባል እጅ ይነሣል፤ ከሆስፒታሉ ደጅ አልተነቃነቀም። ልጄም ደብዳቤ እንደምጽፍ ብነግራት «አክስቴን ደህና ነች በላት» ብላኛለች፤ እኔ ግን ሐሰት አልጽፍም።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ከላይ ልጽፈው ብዬ እጄ እምቢ አለኝ፤ ሥራውንም ቤታችንንም የምታውቂ ነሽና ሳልነግርሽ ማለፍ አልወደድሁም። ያችን ነርስ በተቀመጡት ሴቶች ሁሉ ፊት፣ ርካሹን ከልጄ ለምን ደበቅሽ ብዬ ጮኽሁባት። ልጅ እግር ናት፤ አልተቆጣችም። ብዕሯን አስቀምጣ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ እንዲህ አለችኝ፦ «አባባ፣ አልደበቅኳትም። ‹መክፈል ይከብድሻል ወይ?› ብዬ ጠይቄያት ነበር። እሷ ግን ወረፋ የያዙትን ሴቶች ዞር ብላ አየቻቸውና፣ ‹የማን ልጅ መሰልኩሽ?› አለችኝ።»