አልወርድም

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 5 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ ሱዳን፣ ሐጅ ዩሱፍ ሰፈር

ጎረቤቴ ዑስማን ዛሬ ጠዋት ሰፈሩ ሁሉ እየሰማ «አጅነቢ» አለኝ። አርባ ዓመት አንድ ግድግዳ ተጋርተን ኖረን፣ ባዕድ! ለሰልፈኞቹ ውሃ በሚወስደው መኪና ላይ ወጥቼ ነበር። «ውረድ ያ ዓም ታደሰ፣ ይሄ የሱዳኖች ጉዳይ ነው» አለ፤ አጎቴ እያለ ሊያወርደኝ! «እኔ እዚህ ስመጣ አንተ ጺም አላበቀልክም ነበር። አልወርድም!» አልኩና በርሜሉን አቅፌ ተቀመጥኩ። እሱም ከልጁ ጋር ወጣና መኪናው ተነሣ።

ድልድዩን ስንሻገር የሰዉ ብዛት! በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ነገር አላየሁም። ሁሉም በአንድ ድምፅ ይጮኻል። ጆሮዬ የለመደውን ሰማና እኔም «መድኃኔ! መድኃኔ!» እያልኩ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ጮኽኩ። የዑስማን ልጅ ሰልማ ሆዷን ይዛ ሳቀች።

«ያ ዓም ታደሰ፣ መድኃኔ ደግሞ ማነው? እኛ የምንለው መደኒያ ነው! ወታደር ሳይሆን ሲቪል ይግዛን!»

«እኔ የምጠራው ከሁለቱም በላይ ነው» አልኳት።

ይህን ጮክ ብላ ስትነግራቸው መኪናው ላይ ያሉት ሁሉ «መድኃኔ!» ይሉ ጀመር። ከሁሉም የዑስማን ድምፅ ይበልጥ ነበር።

አመሻሽ ላይ ሰፈር ስንደርስ እጁን ዘረጋልኝ። «ውረድ ያ ዓም፣ ቤታችን ደርሰናል» አለ በተዘጋ ድምፁ። ይቅርታ አልጠየቀም፤ እኔም አልጠበቅሁም። እጁን ይዤ ወረድኩ። ልቤ እስካሁን ይዘልላል። ስለ ጠዋቱ ቃል ግን ለማንም፣ ለዚህ ወረቀትም ቢሆን፣ ዳግመኛ አልናገርም።